ቢላው ይቆይ

ካምፓላ ውስጥ በረዶ በብዛት የሚታየው ጋባ ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚጠጉበት ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ዓሣ ሻጮች የተከሰከሰ በረዶ በሞላበት ሣጥን ፊት ተቀምጠው ቲላፒያ ያገላብጣሉ። አንዷን ሴት ቆሜ ሳያት ቆየሁ። እጇን እስከ አንጓዋ በረዶው ውስጥ ከትታ ዓሣ ታወጣለች፤ ገዥው ጎኑን ጫን ጫን ያደርጋል፣ ስንጥቡን ገልጦ ያያል፣ ይተወዋል፤ እርሷም መልሳ ትቀብረዋለች። የጥፍሮቿ ሥር ነጭ ሆኗል። አያምም ወይ ብዬ ብጠይቃት መጀመሪያ እንደሚያም፣ ኋላ እንደሚደነዝዝ፣ ከዚያ ደግሞ በራሱ እንደሚሞቅ ነገረችኝ። አንድ ቁራጭ በረዶ አነሣችና መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። እውነቷን ነው። ሕመሙ እስከ ክንዴ ድረስ ወጣ፤ ቀጥሎ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት መሰሉኝ፤ ደቂቃዎች አልፈው ልጥለው ስል ደሙ እየነዘረ ተመለሰ።

ብሪታኒያዊው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ በ1930 ይህንኑ በመሣሪያ ለክቶ ጽፎታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በበረዶ ውሃ የተነከረ ጣት በመጀመሪያ የደም ሥሮቹን ይዘጋል፤ ሰውነት ሙቀቱን ለልብና ለአንጎል ያስቀራል፤ ጣቱን ግን ጨርሶ አይረሳውም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ በሩን ገርበብ አድርጎ ጥቂት ሙቅ ደም ይልክለታል፤ መልሶ ይዘጋል፤ እንደገና ይከፍታል። ብርዱ ከበረታና ከቆየ ግን በሩ ተዘግቶ ይቀራል። ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ መጋገር ይጀምራል። ጣቱ ነጭ፣ ጠንካራ፣ እንደ ሰም ይሆናል፤ ቢነኩትም አይሰማም። የውርጭ ጉዳት የሚባለው ይህ ነው፤ ለብዙ ዘመን መጨረሻው መጋዝና ቢላ ነበር።

ከምድር ወገብ ጥግ ባለች ከተማ ተቀምጦ ስለዚህ መጻፍ ያለ ቦታው የገባ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ከካምፓላ ወደ ምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ካሴሴ ሲደርሱ ከከተማው ጀርባ የርዌንዞሪ ተራሮች አሉ፤ አብዛኛውን ቀን ጉም ሸፍኗቸው አይታዩም። ከፍተኛው ጫፍ ማርጋሪታ 5,109 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ከ500 ሜትር በላይ ይበልጣል። የተራራው ባለቤቶች ባኮንዞዎች ለበረዶው ንዙሩሩ የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው፤ ተራራውን ርዌንዙሩሩ፣ የበረዶ አገር ይሉታል። በዚያ ሌሊት የረጠበ ጓንት ያወለቀ ሰው፣ ጋባ ላይ ሴትየዋ የነገረችኝን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያገኛል፤ ሦስተኛው ላይመጣለት ይችላል።

ጁን 18 ቀን 1906 ማርጋሪታን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው ጣሊያናዊው የአብሩዚ መስፍን ሉዊጂ አሜዴኦ ነው። ከሞምባሳ በባቡር፣ ከኪሱሙ በመርከብ ሐይቁን ተሻግሮ ኢንቴቤ ወረደና ተሸካሚዎች አስከትሎ በእግር ወደ ፎርት ፖርታል ሄደ። የተራራውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሁሉ ያነሣሉ፤ ስለ ግራ እጁ ግን እምብዛም አያነሡም። መስፍኑ ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ሰሜን ዋልታ ባደረገው ጉዞ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ በውርጭ አጥቶ ነበር። በሩዶልፍ ደሴት ከርሞ፣ በ1899 እና በ1900 መካከል በነበረው የክረምት ጨለማ ጣቶቹ ተጎዱና ተቆረጡ። ስለዚህም ወደ ዋልታው የሚደረገውን ዋና ጉዞ ራሱ መምራት አልቻለም፤ ኡምቤርቶ ካኚ የተባለ ባልደረባውን ላከ። ካኚ እስከዚያ ዘመን ማንም ያልደረሰበት 86 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ድረስ ዘለቀ፤ እርሱም የጣቱን ጫፍ ለውርጭ ገብሮ ተመለሰ። ርዌንዞሪ ሲመጡ መስፍኑም ካኚም አብረው ነበሩ። የዋልታው ጉዞ ሐኪም ዶክተር አኪሌ ካቫሊ ሞሊኔሊም አብሯቸው ነበር። ሁለት የጎደሉ እጆችና እነርሱ ሲጎድሉ ያየ ሐኪም ወደ ኡጋንዳ በረዶ አብረው ወጡ ማለት ነው።

ይህ መስፍን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1927 ለአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጉብኝት ምላሽ አዲስ አበባ መጥቷል፤ በ1928 እና 29 ደግሞ የዋቢ ሸበሌን ወንዝ እስከ ምንጩ አጥንቷል። የሞተው በ1933 ሶማሊያ ውስጥ በመሠረተው የእርሻ መንደር ነው።

ካቫሊ ሞሊኔሊ በዚያ የዋልታ ጨለማ ውስጥ ምን ሌላ ነገር ማድረግ ይችል ነበር? በዘመኑ እውቀት፣ ከመጠበቅና ከመቁረጥ በቀር ምንም። እንዲያውም ከመቁረጡ በፊት ይደረግ የነበረው ሕክምና ራሱ ጣት የሚያስጨርስ ነበር፤ ምንጩም አንድ ታላቅ ሰው ነው።

ዶሚኒክ ዣን ላሬ የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም ነበር። ቁስለኛን ከውጊያ መሐል በጋሪ ማንሣትን ያስለመደ፣ የወዳጅና የጠላት ወታደር ሳይለይ የሚያክም ሰው ነው። በ1807 በአይላው ጦር ሜዳ፣ በ1812 ደግሞ ከሞስኮ ሲሸሹ በሺህ የሚቆጠር የደረቀ እግር አየ። ያየውንም በትክክል መዘገበ፦ ወታደሮቹ ውርጩ በጸናበት ቀን ብዙም አያማርሩም፤ አየሩ ሲለዝብ ወይም እሳት ዳር ሲቀመጡ እግራቸው ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ከዚህ ተነሥቶ ጠላቱ ሙቀት ነው አለ። የተጎዳውን እግር በበረዶ እሹት፣ ቀስ ብላችሁ አለዝቡት ብሎ አስተማረ። ዓይኑ አልተሳሳተም፤ ፍርዱ ግን ተሳሳተ። እነዚያ ወታደሮች ማታ እሳት ላይ የቀለጠ እግራቸውን ይዘው ጠዋት እንደገና በውርጭ ውስጥ ይሄዱ ነበር። የገደላቸው ቀልጦ እንደገና መጋገሩ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ የደነዘዘ እግር እሳት ሲበላው አይታወቀውም። የላሬ ስም ስለገነነ ምክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። ዛሬም በበረዶ እሸው የሚል ሰው አይጠፋም። የተጋገረ ሥጋን ማሸት በውስጡ ያሉትን የበረዶ ስለቶች ሥጋው ላይ እንደ መሞረድ ነው።

የላሬን ትምህርት መገልበጥ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1930ዎቹና 40ዎቹ የሶቪየት ሐኪሞች በፍጥነት ማሞቅ እንደሚሻል ይጽፉ ነበር። በዚያው ዘመን በማንቹሪያ፣ ሃርቢን አጠገብ፣ የጃፓን ጦር ክፍል 731 እስረኞችን ውጪ በውርጭ እያቆመ፣ እጃቸው ላይ ውሃ እያፈሰሰ እያጋገረ ሞክሯል፤ ሙከራውን የሚመራው ዮሺሙራ ሂሳቶ ነበር። ያም ቡድን ለብ ያለ ውሃ የተሻለ መሆኑን አግኝቷል። ይህን የምጽፈው እውቀቱን ለማመስገን አይደለም። ያ እውቀት ሰው ሳይሰቃይ በሌላ መንገድ ተገኝቷል፤ የእነዚያ እስረኞች ጣቶች ለማንም አላስፈለጉም ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ያልተመዘገበ ሰዎች መኖራቸው ሳይነገር እንዳይታለፍ ብዬ ነው።

ነገሩን በሐኪም ቤት ሥርዓት ያስገባው የአላስካው የአጥንት ሐኪም ዊልያም ሚልስ ነው። በአንኮሬጅ ከተማ ዓሣ አጥማጁን፣ ወታደሩን፣ ተራራ ወጪውን ሁሉ ሲያክም ኖሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ልምዱን አሳተመ። መንገዱ፣ ዛሬ በሚሠራበት መልኩ፣ ለመናገር ቀላል ነው። ሰፊ ሳፋ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ የሞቀ ውሃ፣ ቴርሞሜትር። ሕፃን የሚታጠብበትን ውሃ ያህል ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ የሚያክመው ሰው የራሱን ጤነኛ እጅ ግማሽ ደቂቃ ነክሮ ያያል፤ እርሱን ካቃጠለው በሽተኛውንም ያቃጥለዋል፣ ልዩነቱ በሽተኛው አለማወቁ ነው። የደረቀው እግር የሳፋውን ጎንና ታች ሳይነካ ይነከራል። ውሃው ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ሰው እያማሰለ ሌላው ሙቅ ይጨምራል፤ ሲጨመር ግን እግሩ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሰም የመሰለው ቆዳ ይለሰልሳል፣ ወደ ቀይና ወይን ጠጅ ይለወጣል። ያኔ ሕመሙ ይመጣል። ጠንካራ ሰው የሚያስጮህ ሕመም ነው፤ ማስታገሻ ቀድሞ መሰጠት አለበት። ያልለመደ አስታማሚ ጩኸቱን ሰምቶ እግሩን ከውሃ ያወጣል፤ ማውጣት የለበትም። የሚያመው ደም እየተመለሰ ስለሆነ ነው።

ደሙ ከተመለሰ ታዲያ ለምን ጣት ይሞታል? የዚህ ሕክምና ታሪክ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ይመስለኛል። ጣት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የመጀመሪያው ውርጩ ነው፤ በሕዋሳቱ ዙሪያ የተሠራው የበረዶ ስለት ውሃቸውን መጥጦ ያጨማድዳቸዋል። ሁለተኛው የሚመጣው ከቀለጠ በኋላ፣ ሰውየው ሞቅ ያለ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሁሉም ሰው ተርፏል ብሎ ሲያርፍ ነው። ውርጩ የላጣቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ደም ሲገባባቸው ያብጣሉ፣ ይጨማደዳሉ፤ ደሙ እነርሱ ላይ እየተለጠፈ ይረጋል። በሰዓታት ውስጥ በሩ እንደገና ይዘጋል፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የዘጋው ብርድ ሳይሆን የረጋ ደም ነው። ጣቱን የሚበላው ከውርጩ ይልቅ ይህ ነው። ጠላቱ የረጋ ደም ከሆነ ደግሞ ቢላ ምንም አያደርግለትም፤ መድኃኒት ግን ሊያደርግ ይችላል።

ይህ ሐሳብ ከመድኃኒቱ ቀድሞ ነበር። ጁን 3 ቀን 1950 ፈረንሳውያኑ ሞሪስ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል የአናፑርና ተራራ ጫፍ ደርሰው ሲመለሱ እጅና እግራቸው ተጋግሮ ነበር። ሐኪማቸው ዣክ ኡዶ ድንኳን ውስጥ ኖቮካይን ወደ ደም ሥራቸው ይወጋ ጀመር፤ የተጨማደደውን ሥር አላልቶ ደም ለማስኬድ ነው። መርፌው ራሱ ከባድ ስቃይ ነበረው። አሳቡ ትክክል ነበር፤ በእጁ የነበረው መድኃኒት ግን አቅም አልነበረውም። ወደ ሕንድ ሲወርዱ ጣቶቻቸውን በባቡር ጉዞ ላይ ሳይቀር እየቆረጠ ሄደ። ስለ አናፑርና የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ጀግንነት ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ሐኪም ነው፤ መንገዱን አውቆ መሣሪያው አሥርት ዓመታት የዘገየበት ሰው።

መሣሪያው ከወደ ለንደን መጣ። በ1976 ጆን ቬይንና ሳልቫዶር ሞንካዳ የሚገኙበት ቡድን የደም ሥር ግድግዳ ራሱ የሚያመነጨውን ፕሮስታሳይክሊን የተባለ ንጥረ ነገር አገኘ። ሥራው ሥሩን ማላላትና ደም እንዳይለጠፍበት መከላከል ነው። ቬይን በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1981 ደግሞ ሮብሰንና ሄገርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በውርጭ የተጎዳ ቆዳ የቋጠረውን ውሃ መርምረው በእሳት ከተቃጠለ ቆዳ ጋር የሚመሳሰል ነገር አገኙ፤ ደም ሥር የሚያጨማድድና ደም የሚያረጋ ቅመም ሞልቶበታል። ከዚያ በኋላ አይቡፕሮፌን በአፍ፣ ሬት ደግሞ በቁስሉ ላይ መቀባት በሕክምናው ገባ። ሬት ያልኩት እናቶቻችን ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀቡት የእኛው እሬት ዘመድ የሆነውን ነው። ዛሬም የተራራ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ አለ።

የፕሮስታሳይክሊን ሰው ሠራሽ ወንድም አይሎፕሮስት ይባላል። በ1994 አንድ የኦስትሪያ ሐኪሞች ቡድን በውርጭ ለተጎዱ አምስት ሰዎች ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። ከዚያ ነገሩን ከሁሉ በላይ የገፋው በአልፕስ ተራሮች ሥር፣ በሻሞኒ ከተማ ይሠራ የነበረው ኢማኑኤል ኮሺ ነው። ሐኪምም የተራራ መሪም ነበር፤ ከሄሊኮፕተር የሚያወርዳቸውን ሰዎች ራሱ ያክም ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ በ1996 እና በ2008 መካከል ክፉኛ የተጎዱ 47 ሰዎችን በሦስት ምድብ በዕጣ መደቧቸው። ሁሉም ውሃ ውስጥ ሞቀዋል፣ አስፕሪን ወስደዋል። አንደኛው ምድብ ስምንት ቀን አንድ የቆየ የደም ሥር ማላሊያ አገኘ፤ ሁለተኛው በየቀኑ ስድስት ሰዓት በደም ሥር የሚንጠባጠብ አይሎፕሮስት፤ ሦስተኛው አይሎፕሮስትና የረጋ ደም የሚያሟሟ ቲፒኤ የተባለ መድኃኒት አንድ ላይ። በ2011 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ የመቆረጥ አደጋው በመጀመሪያው ምድብ 60 በመቶ፣ በሦስተኛው 19 በመቶ፣ አይሎፕሮስት ብቻ ባገኙት ዘንድ ዜሮ። 47 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ይህን መርሳት አይገባም። ሆኖም ሞስኮ በረዶ ላይ እግራቸውን የጣሉትን እያሰበ ያንን ዜሮ የሚያነብ ሰው ልቡ ሳይነካ አይቀርም። ኮሺ በኤፕሪል 2018 እዚያው ሻሞኒ አጠገብ የበረዶ ናዳ ወስዶት ሞተ። አይሎፕሮስት በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለከባድ የውርጭ ጉዳት የፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ፤ ፈቃዱ የቆመው በኮሺ ጥናት ላይ ነው።

ቲፒኤም የራሱ ታሪክ አለው። የልብና የአንጎል ደም ሥር የዘጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። ከሰሜን አሜሪካ ከተሞች አስቀድመው ለውርጭ ከተጠቀሙበት አንዷ ሚኒያፖሊስ ናት፤ በ2007 ደግሞ ከዩታ የወጣ ጥናት የሚቆረጠው ጣት ከ41 ወደ 10 በመቶ መውረዱን አሳየ። ችግሩ ሌላ ቦታ ደም ሊያፈስስ መቻሉና ጣቱ ከሞቀ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ያለበት መሆኑ ነው። አይሎፕሮስት እስከ 72 ሰዓት ይታገሣል።

ሚኒያፖሊስን ስጠራ ሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችንን አስባለሁ። በአሜሪካ ከፍተኛ ቁጥር ያለው የኦሮሞና የሌላም ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በጃንዋሪ ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው አለን። በአሜሪካ ጦር ላይ የተደረገ ጥናት ጥቁር ወንድ ወታደሮች በብርድ ጉዳት ሆስፒታል የሚገቡት ከነጮቹ ወደ አራት እጥፍ መሆኑን አግኝቷል። ያ ጋባ ላይ መዳፌ ውስጥ ያየሁት የበሩ መከፈት ከአፍሪካ ዘር በሆኑ ሰዎች ጣት ላይ ደከምና ዘግየት ይላል። ጥንካሬ ወይም ድክመት አይደለም፤ ጣቱ ቶሎ ስለሚዘጋ ጓንቱ ቶሎ መጠለቅ አለበት ማለት ብቻ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መገርጣቱ በቀላሉ ስለማይታይም ሐኪም ሊያልፈው ይችላል። ጥፍር ሥርና መዳፍ መታየት አለበት።

ብርድ የፈረንጅ ነው ማለት ለእኛ አይሆንም። በአዱሊስ የነበረውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዘመን የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ሠራዊቱ ወደ ስሜን ተራሮች ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶና አመዳይ እንዳጋጠመው ይናገራል። የእነዚያ ዘማቾች እግር ምን እንደ ደረሰበት ድንጋዩ አልጻፈም። በሜይ 1951 ፑሳን የወረደው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ደግሞ የኮሪያን ተራሮች ክረምት በምሽግ አሳልፏል። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው አገር የአሜሪካ ጦር በሺህ የሚቆጠር ሰው እግር በብርድ ተጎድቶበት ስለ ነበር፣ ድርብ ጎማ ያለው ወፍራም ቦት ጫማ በጦሩ የተስፋፋው ከዚያ ትምህርት በኋላ ነው።

ወደ ካምፓላ ልመለስ። ይህች ከተማ የውርጭ ሐኪም የላትም፤ ቢላን ማቆየት ምን እንደ ሆነ ግን ከብዙ ከተሞች ቀድማ ታውቃለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ካናዳዊው የአጥንት ሐኪም ኖርግሮቭ ፔኒ እዚህ ሲሠራ፣ ቆልማማ እግር ይዞ የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ ቀዶ ለማከም የሚበቃ ሐኪም በአገሩ አልነበረም። በአሜሪካ አዮዋ ይኖር የነበረው ስፔናዊው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሕፃናቱን ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና ያቃና ነበር፤ እግሩን በእጅ ቀስ አድርጎ እየመለሰ በየሳምንቱ ጀሶ ይቀይራል፤ አምስት ስድስት ጀሶ ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ስንጣቂ ይላላል። ባለሙያዎች ለአሥርት ዓመታት ንቀውት ነበር። ካምፓላ ግን የምትንቅበት አቅም አልነበራትም። እግሩ ተመልሶ እንዳይቆለመም ልጁ የሚጫማውን፣ በብረት ዘንግ የተያያዘ የቆዳ ጫማ በከተማዋ በሚገኘው ካታሌምዋ ቸሻየር ሆም ሆላንዳዊው ሚኪል ስቴንቤክ ከአገር ቤት ቆዳና ብረት ሠራው፤ ዛሬ በብዙ አገር በስሙ ይጠራል። ከሙላጎ ሆስፒታሉ ኤድዋርድ ናዱምባና ከካናዳው ሻፊቅ ፒራኒ ጋር የተጀመረው ፕሮጀክት እስከ 2009 ድረስ 798 የጤና ባለሙያ አሠልጥኖ፣ አገልግሎቱን በ21 ሆስፒታሎች አስገብቶ ነበር።

በጀሶው ክፍልና በበረዶው ተራራ መካከል ያለው ዝምድና ሰዓት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ከመጣ አጥንቱ ገና ልስልስ ነው፣ እጅ ይመልሰዋል፤ ከዘገየ ቢላ ይጠብቀዋል። የደረቀ ጣትም ከቀለጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መድኃኒት ይሰማል፤ ካለፈ አይሰማም። ካለፈም በኋላ እንኳ መቸኮል ጉዳት አለው። የጠቆረ ጣት ያየ ሁሉ ቁረጡለት ይላል፤ ጥቁሩ ግን ላይ ላዩን ሆኖ ከሥሩ ሕያው ሥጋ ሊኖር ይችላል። መመረዝ ካልመጣ በቀር የሞተውና ሕያው የሆነው ሥጋ ድንበራቸውን ራሳቸው እስኪለዩ አንድ እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል። የድሮ ቀዶ ሐኪሞች በጃንዋሪ የተጋገረውን በጁላይ ቁረጥ ይባባሉ ነበር።

ርዌንዞሪ ላይ ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጠር እንመልከት። ማርጋሪታ የሚወጡ ሰዎች የሚያድሩባት ኤሌና ጎጆ 4,541 ሜትር ላይ ናት። ከዚያ እስከ ኒያካሌንጊጃ መግቢያ በጤነኛ እግር ሁለት ሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ከዚያ ካሴሴ፣ ከዚያ ካምፓላ። ጫፉ ላይ ደርቆ ጎጆዋ ውስጥ የቀለጠ እግር ያለው ሰው ያ 72 ሰዓት አብዛኛው መንገድ ላይ ያልቅበታል። ስለዚህ የተራራው መሪ አንድ ከባድ ፍርድ አለበት፦ እግሩን ጎጆዋ ውስጥ በሙቅ ውሃ ያቅልጠው ወይስ እንደ ደረቀ ያስኪደው? የቀለጠ እግር አይራመድም፤ ተሸክሞ የሚያወርድ ሰው ይፈልጋል። ቀልጦ ደግሞ በሚቀጥለው ሌሊት ከተጋገረ የናፖሊዮን ወታደር እግር ይሆናል። የሚሸከም ሰው ከሌለ ወይም እንደገና የመጋገር ሥጋት ካለ ደረቁን ይዞ መውረድ ይሻላል፤ ከውርጩ በታች፣ ሳፋና እንጨት ያለበት ሲደርሱ ብቻ ማቅለጥ። ቀለበትና ጠባብ ጫማ ከማበጡ በፊት ይወልቃል። ሲጋራ አይጨስም። የቀለጠበት ሰዓት ወረቀት ላይ ተጽፎ ከሰውየው ጋር ይወርዳል፤ ታች ያለው ሐኪም ቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው።

መስፍኑ በ1906 ሲያልፍ ተራራው ላይ ወደ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የበረዶ ግግር ነበር። በ2003 ሲለካ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አልሞላም፤ ከዚያ ወዲህም መቅለጡን አላቆመም። ሌሊቱ ግን እንደ ቀድሞው ይበርዳል፤ በዚያ ከፍታ ለመጋገር ግግር አያስፈልግም፣ ንፋስና የረጠበ ካልሲ ይበቃል። የሰው ሻንጣ በግንባራቸው ማሰሪያ ተሸክመው የሚወጡት ባኮንዞዎች አሁንም ጎጆዋ ደጃፍ ከሰል ያቀጣጥላሉ፣ ውሃ ይጥዳሉ፤ እንግዶቹ ለሻይ ይጠብቁታል።